ከቧንቧው ሥር ያለችው ሳንቃ

ልደታ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለትሕትና ተክለጻድቅ
ጅማ

ልጄ፣ እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላው እንዳለ ነው። ለምን አትደውልም እንዳትዪኝ። በስልክ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እቆጣለሁ፣ አንቺም ትዘጊዋለሽ። በወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

ነገሩ ስለ መብራቱ ነው።

አምና ለግንቦት ልደታ መጥታችሁ ሳለ ቤዛ የግቢውን ቧንቧ ስትይዝ ጮኸች። አንቺ «አባባ፣ ቧንቧው ይነዝራል» አልሽኝ። ሄጄ ያዝኩት፤ ምንም የለም። «ውሃው ቀዝቅዟት ነው፣ ልጅሽን አታሞላቅቂ» አልኩሽ። «እስኪሠራ ድረስ ልጄ ይህን ግቢ አትረግጥም» ብለሽ በዚያው ቀን ሄድሽ። «እዚህ ቤት መብራት ያስገባሁት አንቺ ሳትወለጂ ነው» እያልኩ ከኋላሽ ስጮኽ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። በ1982 ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር አሮጌ የኤሌክትሪክ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ሥዕሉን እያየሁ፣ ማንንም ሳላስፈቅድ እስከ ኋላ ክፍሎቹ ድረስ መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ። አምፖሉ ሲበራ እናትሽ እልል አለች። መጽሐፉ «አንዱን ሽቦ ከብረት የውሃ ቧንቧ ጋር እሰር፤ አደጋ ቢመጣ ወደ መሬት ያወርደዋል» ይል ነበር። አሰርኩ።

ከቧንቧው ሥር ያለችውን ሳንቃ ታውቂያታለሽ። እኔ ለጭቃ የተቀመጠች ይመስለኝ ነበር። ጠርዟ ስለ በሰበሰ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ልጥላት አነሳኋት። የኋላ ክፍል ተከራያችን ሳሚያ ለሶላት ልትታጠብ ጆግ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ሳንቃዋን አይውሰዱብን።»

«ጭቃው ደርቋል እኮ።»

«ለጭቃ አይደለችም።»

«ታዲያ ለምንድን ናት?»

ጆጉን መሬት አስቀመጠችና «እስቲ ጫማዎን ያውልቁና ቧንቧውን ይንኩት። በእጅዎ ጀርባ ግን» አለችኝ።

እኔ እንደምታውቂው ከአልጋ ወርጄ ተመልሼ እስክተኛ ያን ባለ ጎማ ጫማዬን አላወልቅም። ያን ቀን አወለቅሁ። እርጥቡ መሬት ላይ ቆሜ ነካሁት። እስከ ክርኔ መታኝ። ትሕትና፣ አፌ ላይ ምን እንደመጣ ልንገርሽ፤ «ውሃው ቀዝቅዞ ነው» ልል ነበር። ከዚያ የቤዛ እጅ ትዝ አለኝ። የእኔን ሩብ አያክልም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ትሕትና ነግራዎት የለም እንዴ?» አለችኝ። «ሳንቃዋንም ያስቀመጠችልን እሷ ናት፤ የሄደች ቀን። አባባ እስኪያምን ድረስ እዚህ ላይ እየቆማችሁ ክፈቱ ብላ።»

ሄጄ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁት። እስኪሠራ ድረስ ግቢው በሙሉ በሻማ አመሸ፤ አንድም ሰው አላጉረመረመም። እሱ ከንዝረቱ የባሰ ተሰማኝ።

ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ከሰንጋ ተራ አስመጣሁ፣ ነስረዲን ይባላል። ኮርኒሱን ከፍቶ ብዙ አየ።

«ጋሼ፣ ይህን የሠራው ሰው በሕይወት አለ?»

«እስካሁን አለ» አልኩት።

ሊስቅ ጀምሮ ገባው መሰለኝ፣ ዋጠው። «እጁ ንጹሕ ነው፣ ሽቦው እንደ ጥልፍ ነው የተሰደረው» አለ። «ግን የመንገዱ ቧንቧ ፕላስቲክ ከሆነ ቆይቷል። ኋላ ክፍል ደግሞ አንድ ሽቦ ተልጧል። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት ሲያጣ ቧንቧው ላይ ቀረ።»

የመንገዱ ቧንቧ በፕላስቲክ ሲቀየር እኔ እዚያው ነበርኩ። ቆፋሪዎቹን ሻይ ያጠጣሁ እኔ ነኝ። መጽሐፌን ግን ተመልሼ አልገለጥኩትም።

መስመሩ ሁሉ ወጥቶ በአዲስ ተተካ። ለምርመራ የሚሞላው ወረቀት ላይ «ያለ ፈቃድ የተሠራ መስመር ካለ የሠሪው ስም» የሚል ቦታ ነበር። ነስረዲን «አይታወቅም ብለው ይለፉት፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» አለኝ። ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ። መርማሪዎቹም መጥተው አይተው፣ ደህና ነው ብለው ፈርመዋል።

አሁን በየማለዳው ጫማዬን አውልቄ ቧንቧውን እነካለሁ። ነስረዲን በመሣሪያ ስለ ለካው «አያስፈልግም» ይላል። የእሱ ልኬት ለወረቀቱ ነው።

ግንቦት ልደታ ዘንድሮ ቅዳሜ ይውላል። ነይ አልልሽም፣ የራስሽ ቤት አለሽ። ቀኑ እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው። ሳንቃዋንም አልጣልኳትም። የበሰበሰውን ጠርዝ ቆርጬ አራት እግር አበጀሁላት። ቧንቧው ለአምስት ዓመት ልጅ ከፍ ይላል።

ባለቤትሽን ሞቱማን ሰላም በይልኝ። ልደታ ማርያም ደጃችሁን ትጠብቅ፤ የነካችሁት ሁሉ ይለስልስላችሁ። ለቤዛ ደግሞ ንገሪያት፤ በባዶ እግሯ ግቢ ውስጥ ብትሮጥ አያቷ አይቆጣም።

አባትሽ
ተክለጻድቅ ወልደገብርኤል