ካርታው በማን ስም ወጣ?

ለክቡር ዶክተር ብርሃነመስቀል፣
የነርቭ መረብ ምርምር ማዕከል የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ዝናዎ ይጨምር ዘንድ ከሚዛን ተፈሪ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የሟቹ የአቶ ይትባረክ ሚስት በየነች ነኝ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ ባለቤቴን ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ከቅርብ አይተውታል።

ሐኪሞች የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ጭንቅላቱን ከፍተው ከቡና ፍሬ ያነሰች ቁራጭ ሲያወጡ፣ ሰዎችዎ «የአንጎሉን ካርታ እናወጣለን» ብለው አስፈረሙኝ። በእኛ ከተማ ካርታ ማውጣት ማለት ቦታው የማን እንደሆነ በማኅተም ማረጋገጥ ነው። የባሌ አንጎል በባሌ ስም ሊጸናልኝ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ፈረምኩ። እሱ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ስለዚህ ምስጋናዬን በትሕትና በዝርዝር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ቁራጯን ከፀጉር አቅጥነው ስለቆራረጡ፣ እያንዳንዱን ስስ ገጽ ፎቶ ስላነሱ፣ ኮምፒውተሩም የነርቮቹን ክር እየተከተለ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ እንዲስል ስላደረጉ አመሰግናለሁ። በከተማችን አዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲያሳዩን፣ እንደ ጫካ ሐረግ ተጠላልፎ አይቼዋለሁ። ውብ ነበር። ከሥሩ «የብርሃነመስቀል ካርታ» ይላል።

፪ኛ. ተነስቼ በባሌ ስም ያልወጣው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የቦታ ካርታ አይደለም፤ ግብር አይከፈልበትም!» ብለው ከማሻና ከሸኮ የመጡትን እንግዶች ሁሉ ስላሳቁልኝ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴ ዙሌይካ «ቦታ ካልሆነማ የእርስዎ ስም ምን ሊሠራ ገባበት?» ብላ ስትጠይቅዎ ወዲያው የሻይ ዕረፍት ማወጅዎም ትልቅ ጥበብ ነው።

፫ኛ. የታማሚ ስም በምስጢር መያዝ እንዳለበት በደብዳቤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። በሕይወቱ ሳለ በሽታው እንዳይታወቅ ብዬ ከሰው የደበቅኩት እኔው ነኝ። ሁለተኛ ሲደበቅ ቆሜ አላይም።

አሁን ደግሞ ምስሉ ለዓለም እንዲሠራጭ የቤተሰብ ፈቃድ እንደገና በማስፈለጉ፣ ረዳትዎ አቶ ሰይፈዲን ወረቀት ይዞ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። «ሥራው ሁሉ የእርስዎን ፊርማ እየጠበቀ ቆሟል» አለኝ። በደንብ ያልሰማሁ መስዬ አስደገምኩት፤ እንዲህ ያለ ጣፋጭ ወሬ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። የፊተኛውን ወረቀት ማንበብ ሳልችል ፈርሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስተምረኝ ፊደል ቆጥሬ፣ ይሄኛውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የባሌ ስም የለበትም።

ስለዚህ ስም ይዛወር። «የይትባረክ ካርታ» ተብሎ እስኪጻፍ ድረስ አልፈርምም። እስከዚያው በየጉባኤው ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመው ጉሮሮዎን ሲጠርጉ እያሰብኩ እተኛለሁ። ክርስቲያን እንዲህ አይመኝም ይሉኛል፤ እኔ ግን እንቅልፌ ተስተካክሎልኛል።

ለደረሱበት ከፍታ ነጠላዬን አደግድጌ፣ እጅ እየነሳሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ የማትፈርመው
በየነች
ሚዛን ተፈሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለሳይንስ ሲሉ የራስዎን አንጎል ለመለገስ ያሰቡ እንደሆነ፣ ካርታው በእኔ ስም እንዲወጣ ከወዲሁ ፈቃደኛ ነኝ።