ደብተሩን የሚያነብ ሰው

ሰኞ

ኢማሙም አልቻሉም። ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ቆዩና፣ «ፊደሉ ዐረብኛ ነው ልጄ፣ ቋንቋው ግን ኦሮምኛ ይመስለኛል። የአጻጻፉ እጅ ከብዶኛል» ብለው መለሱልኝ።

የአጎቴ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከተገኘ ሦስት ሳምንቱ ነው። አያቴ፣ የአባዬ አባት፣ በእጃቸው የጻፉት ነው። አባዬ ቢያዩ ኖሮ ራሳቸው ይታገሉት ነበር፤ ዓይናቸው ግን አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ የእናታቸውን ስም። እሳቸውን ሲወልዱ እንደሞቱ ነው የተነገራቸው። የእንጀራ እናት አሳደጓቸው፤ በቤቱ ውስጥ ስለ ሟቿ ያወራ ሰው የለም። አያቴ የልጆቻቸውን ልደት ይመዘግቡ እንደነበር ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል።

ሰባ ስድስት ዓመት የእናት ስም ሳያውቁ።

ማክሰኞ

ጅማ አወቱ መንደራ ያለችው የፎቶኮፒ ሱቄ ዛሬ ቀዝቃዛ ነበረች። ኮምፒውተሩ ላይ ስፈልግ ዋልኩ። በአንድ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ኦሮምኛ በዐረብ ፊደል ይጻፍ እንደነበር የሚናገር አጭር ጽሑፍ አገኘሁ። ስለ ጅማ ሁለት መስመር። ልዘጋው ስል ከታች የምንጮቹን ዝርዝር አየሁ። ጽሑፉ ደብተሬን አያነብልኝም። ምንጮቹን የጻፉት ሰዎች ግን ሊያነቡልኝ ይችላሉ።

ስም ለቀምኩ።
አንደኛው፦ ሞተዋል። አላህ ይዘንላቸው።
ሁለተኛው፦ ኢሜይሌ ተመልሶ መጣ።
ሦስተኛው፦ አዋቂ ናቸው፣ ግን የሌላ አገር ጽሑፍ።
አራተኛዋ፦ ውጭ አገር የምታስተምር ሴት። ጥናቷ በነፃ ይወርዳል፤ የጅማ የእጅ ጽሑፎች ላይ ነው የሠራችው። ብዙውን አልገባኝም። በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት፣ ሦስት ጊዜ አረምኩት፣ የልደት መዝገብ የሚመስሉ የሁለት ገጾች ፎቶ አያይዤ ላክሁ።

ረቡዕ

መልስ የለም።

ፎቶውን አንድ የፌስቡክ ቡድን ውስጥ ለጥፌው ነበር። አንዱ «ድግምት ነው፣ አቃጥሉት» አለ። ሌላው «ሽጡልኝ» አለ። አንድ ሦስተኛ ሙሉ ትርጉም ጻፈልኝ፤ ስለ ጦርነት ነው ይላል። ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው ጠፋ። የለጠፍኩትን አጠፋሁት።

አባዬ ራት ላይ «ኢንተርኔቱ ምን አለ?» አሉኝ።
«ገና ነው» አልኩ።
«ሰውየው ሥራ ይበዛበታል ማለት ነው።»
ሰውየው ሴት ናት አላልኳቸውም።

ሐሙስ

የገበያ ቀን። የመታወቂያ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው ተሰልፎ እያለ መልሷ ገባ። ቆሜ አነበብኩት። የጅማ እጅ መሆኑን አውቃዋለች፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የምታነበው። «ብሳሳት የአባትሽን እናት ስም ነው የማሳስተው። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ለአንቺ ቅርብ ናቸው። የጥናቴን የምስጋና ገጽ እዪ።»

አየሁ። ሐጂ ጀማል፣ የአሰንዳቦ። ማክሰኞ ለት የዘለልኩት ገጽ ነው። ማን ምስጋና ያነባል?

የልጃቸውን ስልክ አክላልኛለች። ደወልኩ። ቅዳሜ ኑ ተባልን።

ቅዳሜ

አሰንዳቦ በሚኒባስ ደርሰን ተመለስን። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሐጂ ጀማል ደብተሩን ከመክፈታቸው በፊት ከአባዬ ጋር የዘር ሐረግ ቆጠሩ፤ ሁሉም በኦሮምኛ። ከዚያ አጉሊ መነጽራቸውን አወጡ። የመድኃኒት ቅጠሎች። ዝናብ የቀረበት ዓመት። የአንዲት በቅሎ ሕመም። በኋላ ልደቶቹ ጋ ደረሱ። አንዴ በልባቸው አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ።

«እናትዎ ጫልቱ ይባላሉ» አሉ።

አባዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ አለቀ ብዬ ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ሌላም አለ። ልቀጥል?» አሉ ሐጂ።
«ይቀጥሉ።»
«‹ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጫልቱን ፈታኋት። ወደ ወገኖቿ ወደ ደዶ ተመለሰች። ልጁን ስጠኝ ብላ ለመነችኝ፣ አስቀረሁት› ይላል።»

አባዬ ወደ ድምፁ ዞሩ። «አልሞተችም?»
«እዚህ ላይ አልሞቱም።»

ሐጂን በትክክል አንብበው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። አጉሊውን ሰጥተውኝ ‹ጨ› ለሚባለው ድምፅ አያቴ የሚጨምሩትን ነጥብ በሌሎች ሦስት ቃላት ላይ አሳዩኝ። አንድ ዓይነት ነው።

መንገድ ላይ አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ «ሃዻ ኮ» አሉ፤ እናቴ።

እሁድ

ለተመራማሪዋ ጻፍኩላት። ስሙን፣ የቀረውንም። ምስጋና ምን ያህል እንደሚበቃ ስለማላውቅ አሳጠርኩት።

አባዬ ቁርስ አልበሉም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አያቴን ሊራገሙ ነው ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እኔ ስወለድ አይደለማ የሞተችው» አሉ። «ልጅ ሆኜ ጎረቤት ሁሉ ‹እናቱን የበላ› ይለኝ ነበር።»

ይህን ለማንም ነግረው አያውቁም። ለእናቴም፣ ለእኔም። እጃቸውን ያዝኩ።

እናታቸው እስካሁን በሕይወት እንደማይኖሩ ሁለታችንም እናውቃለን። «ደዶ ሄዳ ሌላ አግብታ ወልዳ ይሆናል» አሉ ቆይተው። «ወንድም ወይ እህት ይኖረኝ ይሆናል። ነገ ውሰጂኝ።»

ደዶ ትንሽ ወረዳ አይደለም። ጫልቱ የምትባል ሴት በየቤቱ ነበረች። የአባዬ እናት የማን ልጅ እንደሆኑ ደብተሩ አይልም፤ ኢንተርኔት ላይም ይህን የጻፈ ሰው የለም። እዚያ መስጊዱ አጠገብ ካሉ ሽማግሌዎች ነው መጀመር ያለብን።

ነገ ሱቅ አልከፍትም። አባዬ ነጩን ጀለቢያቸውን አስተኩሰዋል።