ባዶውን የተለካ ወንበር

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የደረጃውን ጽዳት ለሌላ ሰው ሰጡልሽ ወይስ ዛሬም አንቺው ላይ ነው? እናታችንም እኔም ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ።

የምጽፍልሽ ከጋራዥ ግቢ፣ ጥላ ሥር ሆኜ ነው። ወደ አገርሽ ለመምጫሽ ባጠራቀምሽው ገንዘብ የገዛነው መኪና ፊቴ ቆሟል። በያጁ ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን እየቆረጠ፣ መልሶ እየበየደ ነው።

የስፌት ድርጅታችን ወደ ከተማው ዳር መዛወሩን ታውቂያለሽ። ታክሲዎቹ ተሽከርካሪ ወንበሬን ሲያዩ እንዳላዩ ያልፉኛል፤ የቆመልኝም ወንበሩ የሰው ቦታ ይይዛል ብሎ እጥፍ ይጠይቀኛል። አለቃዬ የምትጠብቀኝ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ማሽኔ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።

ሊያመላልሰኝ ቃል የገባልን ጎረቤታችን፣ ጡረተኛው ሾፌር፣ መኪናውን ሊመርጥ ሲሄድ ወንበሬን ለካ። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩና እሷን ለምን እናስቸግራለን ብሎ ባዶውን ለካው። እናታችንም ስለ ጨዋነቱ መረቀችው። እኔስ ብትይ? የስንቱን ልክ ስወስድ የኖርኩ ልብስ ሰፊ፣ የራሴን ልክ ማስወሰድ ትዝም አላለኝ።

ትናንት መወጣጫውን ገጥመው ሲገፉኝ ግንባሬ ከበሩ ብረት ጋር ተላተመ። ጎረቤታችን ደንግጦ፣ አንገቴን ትንሽ ሰበር ባደርግ እንደማልፍ ነገረኝ። ሐኪሞቹ ጀርባዬ ውስጥ ያስገቡት ብረት መች ያጎነብሳል? አንገቴን ሰብሬማ ስንት ዘመን ኖርኩ ብዬ ጮህኩበት። ኋላ አሳዘነኝ።

ሻጩ መኪናውን አልመልስም አለ። በያጁ ከሥር ገብቶ አየና ወለሉን ዝቅ ማድረግ እንደሚችል፣ ግን አሮጌው ብረት የእኔንና የወንበሩን ክብደት መቻል አለመቻሉ የሚታወቀው ስገባበት ብቻ እንደሆነ ሳይደብቅ ነገረኝ። ካልቻለ መኪናው ከቁርጥራጭ ብረት አያልፍም። እናታችን፣ በኪሳራም ቢሆን እንሽጠውና የተረፈውን እንላክላት አለች። እንዳላማክርሽ ሥራ ላይ ስልክ አያስይዙሽም። እኔ ግን በያጁን ቁረጠው አልኩት። ላብሽን ሳላስፈቅድሽ ነው ለእሳት የሰጠሁት፤ ቢበላሽ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?

ልጆች ሳለን አዝለሽኝ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ዳገቱ ላይ አትክበጂ እያልሽ ትቆጪኝ ነበር፤ መክበዱ በእጄ ይመስል። እኔም ትንፋሼን እይዝልሽ ነበር። ዛሬም ይዣለሁ።

ድምፁ ቆመ። በያጁ ከሥር ወጥቷል፤ ፊቱ ጥቀርሻ ብቻ ስለሆነ ምን እንዳሰበ አይነበብም። በእጁ ነይ እያለኝ ነው። እስክመለስ ብዕሬን ላስቀምጥ።

እናታችን ደጋግማ ትስምሻለች፤ እንባዋ አልቆም ስላላት ራሷ መጻፍ አልቻለችም። ጎረቤታችን መሪውን ይዞ፣ የት ልውሰድሽ እያለ እየነዘነዘኝ፣ ሰላም በያት ብሏል። በያጁም ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል። ወገብሽን የምታሽልሽን ጓደኛሽን ሳሚልኝ። ስትመጪ ማንንም እንዳትለምኚ፤ ለአንቺም ለሻንጣሽም ከጎኔ ቦታ አለ።

ታናሽሽ

ከመኪናው ውስጥ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ
ሐሙስ፣ የካቲት 14 ቀን