ጊዜው ያለፈበት ወረቀት

ጥቅምት 3 ቀን 1988
ዛሬም ሱቁን አልከፈትኩም። ካፊያ ነው። ባሌ ደምሰው ካረፈ ዓመት ሊሞላው... አሥራ ሁለት ዓመት ጎፋ ላይ አብረን ሠራን፤ እሱ ከፊት ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ከጓሮ ጨለማ ክፍል አጥባለሁ። ካሜራውን ነክቼው አላውቅም።
ጨለማ ክፍሉን ስጠርግ ያልተከፈተ የፎቶ ወረቀት አገኘሁ። ጊዜው ካለፈ አሥር ዓመት። ልጣለው?

ጥቅምት 5
አልጣልኩትም። የፎቶ ማጠቢያውን መድኃኒት በጠበጥኩና አንድ የቆየ የሠርግ ነጌቲቭ ሞከርኩ። ነጩ ነጭ አልሆን አለ... ቬሎው፣ ግድግዳው፣ ሁሉም አመድማ። ሙሽሮቹ ጉም ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ደንበኛ ቢያየው ይመልሰዋል። እኔ ግን ደግሜ አጠብኩ፣ አሁንም ደግሜ። ቀዩ አምፖል፣ የውሃው ድምፅ፣ ከባዶ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ የሚመጣ ፊት... ስወጣ የምሳ ሰዓት አልፏል። ደረቴ ላይ የነበረው ነገር የት ሄደ?

ጥቅምት 6
ሳልባንን አደርኩ።

ጥቅምት 12
ከላፍቶ ወተት የሚያመጡልን እማማ ገዲሴ ዛሬ ቶሎ አልሄዱም።
«ልጄን ሮበሌን ደምሰው አንስቶልኝ ነበር፤ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ። ፎቶውን ዝናብ አበላሸብኝ።»
ሮበሌ አልተመለሰም። ሞቱንም የነገራቸው የለም።
ከፖስታዎቹ መሀል ነጌቲቩን ስፈልግ ዋልኩ። አገኘሁት።

ጥቅምት 13
«ወረቀቱ አርጅቷል፤ ይደበዝዛል» አልኳቸው። አብሬሽ ልግባ አሉ። ጨለማው ውስጥ ክንዴን ያዙ። መጀመሪያ የሸሚዙ አንገትጌ መጣ፣ ከዚያ አገጩ... የመድኃኒቱ ሳህን ላይ አጎንብሰው በኦሮምኛ «ኮቱ... ኮቱ» አሉ። ና፣ ና። ጥጃ እንደሚጠሩ፣ በቀስታ።
ዓይኖቹ ግን አልወጡም።
«ለምን ራቀብኝ?»
ደነገጥኩ። ለሁለተኛው ወረቀት ብርሃን ጨመርኩለት፤ መድኃኒቱ ውስጥም አቆየሁት። ዙሪያው ይበልጥ ጠቆረ። ዓይኖቹ ግን መጡ። እማማ ወደ ሳህኑ ይበልጥ ተጠጉ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለሮበሌ ይሁን ለደምሰው... እንጃ።

ጥቅምት 20
እማማ ገዲሴ ፎቶውን ታቅፈው መጡ።
«አሁን ከልጄ ጋር አንሺኝ።»
«እኔ ማንሳት አልችልም። የሚያነሳው ደምሰው ነበር።»
«እሱማ የለም፣ ወርቅዬ።»
እንዲሁ፣ በዝግታ። ከቀብሩ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ካሜራውን ከመስቀያው አወረድኩ። ፊልም አጎረስኩት። ሦስት ጊዜ አነሳኋቸው።

ኅዳር 4
አሮጌው ወረቀት ትናንት አለቀ። ይከፋኛል ብዬ ነበር፤ አልከፋኝም።
ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ደጁን ስጠርግ አንድ ሰውዬ ብቅ አሉ።
«ፎቶ አንሺው አለ?»
«እኔ ነኝ። ይግቡ።»