በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደጃፍ ስለያዘኝ ጉንፋን

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 2002 ዓ.ም.
ቃሊቲ

ለደቡብ በር ጭነት ማመላለሻ ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎ፣ ምክትሎችዎ፣ የምክትሎችዎ ምክትሎች ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ከአፍንጫዬ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱው አፍንጫዬ ነው። ባለፈው ረቡዕ እርስዎን ለማግኘት ከጸሐፊዎ ክፍል ተቀምጬ ሳለ፣ የግቢው ዘበኞች ከሙቀቱ ብዛት በኮፍያቸው በሚያራግቡበት ሰዓት፣ ከቢሮዎ በር ሥር የሚወጣው ብርድ ከቁርጭምጭሚቴ ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣና ጉንፋን ሆኖ ቀረ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሰዓደት ጋቢ ደርበው ሲተይቡ ሳይ ደብረ ብርሃን የደረስኩ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ አቤቱታዬ ቀላል ነው፤ ለባለጉዳይም ጋቢ ይታደል።

ሥራ ስለሚበዛብዎ ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎት። ወልደሰንበት እባላለሁ፤ ከማረሚያ ቤቱ ማዶ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ፍሪጅና ሬዲዮ እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ የተበላሹ ዕቃዎች ናቸው። በድርጅትዎ የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራው ሩት የእህቴ ልጅ ናት፤ የምትኖረውም ከእኔ ጋር ነው። ረቡዕ የመጣሁት ስለ እሷ ለመለመን ነበር። እርስዎ ግን ጉዳዩ በኮሚቴ መያዙን በወይዘሮ ሰዓደት በኩል ነግረው ከነጉንፋኔ አሰናበቱኝ። ስለ መስተንግዶው ከልብ አመሰግናለሁ።

አንዴ ብዕር ካነሣሁ ዘንድ ሌሎቹንም ጥቃቅን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ድርጅቱ የሠራተኞቹንና የቅርንጫፎቹን ኢሜይል በሙሉ ከዚያች ከምታቃስተው አሮጌ ሰርቨር ወደ አዲስ ለማዛወር ሲወስን፣ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚያስፈልግ እንድታቅድ የታዘዘችው ሩት ነበረች። ልጅቷም ስንት ሰው እንደሚጻጻፍ፣ ከኮምቦልቻና ከድሬዳዋ የሚላከው የጭነት ፎቶግራፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ስትደምርና ስትቀንስ ከረመች። በመጨረሻም ሦስት ሰርቨር ጠየቀች፤ ሁለቱ እንዲሠሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ አንዱ ቢወድቅ እንዲተካ። በግዢው ስብሰባ ላይ ግን ሦስተኛው ሰርቨር ተገመገመ። ሌሎቹ ሲሠሩ ቆሞ የሚያይ ነው ተባለና በሥራ ፈትነት ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ስድስት ምክትሎች ባሉበት ቤት እንዲህ ያለ ቆራጥነት ማየት ያኮራል።

2ኛ. ሩት በዚያው ዕቅድ ውስጥ አንድ ኤርኮንዲሽነርም አስገብታ ነበር። ሰርቨር ሌት ተቀን ሲሠራ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ሲብስበትም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ማቀዝቀዣዋ ተገዝታ መጣች፤ የሰርቨሩ ክፍል ግድግዳም በልኳ ተቀደደላት። ከዚያ በኋላ የጠቅላላ አገልግሎት ሰዎች ስለ ደረጃ ማሰብ ጀመሩ። ምንጣፍ በደረጃ፣ መጋረጃ በደረጃ፣ ባለ ጎማ ወንበር በደረጃ በሚታደልበት ድርጅት፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ እያላባቸው ለሰርቨር እንዴት ይነፍስለታል? ማሽኗ ወደ እርስዎ መስኮት ወጣች፣ የተቀደደው ግድግዳም በላስቲክ ተሸፈነ። እርስዎ አላዘዝኩም ብለዋል አሉ። አምናለሁ፤ ደስ የሚል ነፋስ ሲመጣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

3ኛ. ይህኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን የጠጋኝ ምክር ነው። ረቡዕ በርዎ ሲከፈት እንዳየሁት፣ ማሽኗ እየሠራች ሌላኛው መስኮትዎ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከሲሚንቶ መኪኖቹ የሚነሣውን አቧራ ስትውጥ ነው የምትውለው። ወንፊቷ ሲደፈን ትታፈናለች፣ ከታፈነች ደግሞ ቀጥ ትላለች። ቃሊቲን በሙሉ ለማቀዝቀዝ ማሰብዎ ግን የልብዎን ስፋት ያሳያል።

4ኛ. ይኼ አያስቅም። ባለፈው እሑድ ኢሜይሉ መዛወር ሲጀምር ሁለቱም አዲስ ሰርቨሮች ጋሉና መሃል ላይ ጠፉ። ግማሹ ደብዳቤ አዲሶቹ ላይ፣ ግማሹ አሮጌው ላይ ቀረ። ሩት ከሙቀቱ ነው ብትል ሰሚ አጣች፤ ኮሚቴው ደካማ ማሽን መርጣ ድርጅቱን ጎድታለች ሲል ከሰሳት። ነገ ለመጨረሻ ጊዜ እንድትሞክር ተፈቅዶላታል። ከተሳካላት ክሱ ይዘጋል። ሰርቨሮቹ ዳግመኛ ከጠፉ ግን ሰኞ ጠዋት ከሥራ ትሰናበታለች፤ እንዲህ ያለ የስንብት ወረቀት የያዘችን ልጅ ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ደጁን አያስረግጣትም። ካለፈው እሑድ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም። ዛሬ ጠዋት የእኔን የጠረጴዛ ቬንትሌተር በፌስታል ይዛ ወጣች። ያ ሁሉ ግለት በዚያች እንደማይበርድ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። እሷ ግን አመስግናኝ ሄደች። እናም ክቡር ሆይ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምለምንዎ፣ ለአንዲት እሑድ ብቻ ያችን ብርድዎን

ይቅርታ፣ በር ተንኳኳ።

ፈጽሞ ያልጠበቅኩት እንግዳ ነው፤ የእርስዎ ሹፌር ከሊል። የማን አጎት እንደሆንኩ አያውቅም። ማቀዝቀዣ የሚጠግን ሰው ሲያፈላልግ ሰፈሩ ወደ እኔ ጠቁሞት ነው የመጣው። አሁን ደጃፌ ላይ ቆሞ ላቡን እየጠረገ ነው። ያለኝን እንዳለ ላስፍረው፦ «ጋሼ፣ የአለቃችን ማቀዝቀዣ ከጠዋት ጀምሮ ጸጥ ብላለች። ማክሰኞ ትልልቅ እንግዶች አሉባቸው። ነቅለውም ቢሆን ይውሰዷት፣ ብቻ ለማክሰኞ ያድርሱልኝ ብለዋል።»

ስለዚህ ልመናዬን አቋርጬ የመፍቻ ሣጥኔን አንሥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ በዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ሰኞ ጠዋት፣ ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ቢያነቡት ይሻላል።

ከታዘዘው በላይ ለመታዘዝ የቸኮለ፣ ለክቡርነትዎ ጤና እና ለመስኮትዎ መዘጋት አዘውትሮ የሚጸልይ፣ እያነጠሰ የሚያከብርዎ፣

ወልደሰንበት ፀሐዩ
ፍሪጅ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለወይዘሮ ሰዓደት (ጋቢያቸውን አጥበው እንዲያስቀምጡት)

ማሳሰቢያ፦ ነገሩ እንደገመትኩት ከሆነ፣ ወንፊቷን ማጠብ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚፈጸም ሥራ ነው። ነገር ግን የጠገንኩትን ዕቃ ሳልፈትን መልሼ አላውቅም። መፈተኛ ቦታ ሳስብ፣ በዚያው በግቢዎ ውስጥ ልክ በእሷ መጠን የተቀደደ፣ በላስቲክ የተሸፈነ ግድግዳ መኖሩ ትዝ አለኝ። ፈተናው እሑድን ሙሉ ይፈጃል። ማለፍ አለማለፏን ሰኞ ጠዋት ኢሜይልዎን ሲከፍቱ ያውቁታል። እስከ ማክሰኞ ከሞቀዎት፣ ሩት የእኔን ቬንትሌተር ታውስዎታለች።