ጥቁሩ ሽቦ

የካቲት 28

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ጀልባው ጋ ሄድኩ። የሰባተኛ ቢን ፈተና አርሜ አልጨረስኩም... ይቆይ። ከሦስት ወር በላይ ተሸፍኖ የከረመውን ሸራ ገለጥኩ። ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። መቀመጫውን ጠራረግሁ፣ የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ በጣሳ ቀዳሁ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ በአንዴ ተነሳ። ምንም እንዳላጠፋ ሰው!

ካንዴላ ከጎን ካለው ጀልባ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ "የሞተሩን ካንዴላ ቀይረው" አለኝ። መካኒክ ነው። ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ ይኸው ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት።

የካቲት 30

እስኪ ልጻፈው። ጀልባው የእኔና የታላቅ ወንድሜ የጋሼ ነው፤ አጎታችን ለሁለታችን ትቶልን ሞተ። ኅዳር ላይ ጋሼና ሚስቱ እትዬ ለሽርሽር ወጥተው መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ሬዲዮውም፣ አቅጣጫ የሚያሳየው ስክሪንም፣ ሁሉም አብሮ ድርግም። ንፋስ ተነሳ። ሁለት ሰዓት ውሃው እንዳሻው ሲያንገላታቸው ቆይቶ ዓሣ አስጋሪዎች ጎትተው አወጧቸው። እትዬ ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ዳር ደርሳ አታውቅም።

በሳምንቱ እማዬ ቤት፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እኔ ምን አልኩ? "ሬዲዮውን ያስገባኸው አንተ ነህ ጋሼ። ባትሪውን የጨረሰው እሱ ነው።" አፌን ሞልቼ! ምንም ሳላይ! ጋሼ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። "አሠራሩን ሳታሳይ መልስ አትጻፍ" እያልኩ ነው የምውለው...

አሁን የተነሳሁት ሬዲዮው መሆኑን ላሳይ ነው። ለማጣራት አይደለም። ለማሳየት።

መጋቢት 3

የሬዲዮውን ሽቦ ነቅዬ ብቻዬን ወጣሁ። ለባለቤቴ "ዳር ዳሩን ነው" አልኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ "ዳሩ እስከየት ነው?" አለች።

ዳር አልነበርኩም። ሩብ ሰዓት እንደሄድኩ ማዕበል ጀልባውን አንዴ ነጠር አደረገው። የነዳጁ፣ የሙቀቱ፣ የባትሪው... መርፌ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዜሮ። ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ጸጥ።

ያ ጸጥታ! ውሃው ጎኑን በጥፊ ሲመታ ብቻ ይሰማል። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ እንኳ አይልም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ንፋሱ ከውሃው ብቅ ወዳለ ቋጥኝ እየገፋኝ ነው፤ መቶ ሜትር... ሰማንያ... ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። የማደርገው ሲጠፋኝ ዳሽቦርዱን በቡጢ ነረትኩት። መርፌዎቹ ብድግ አሉ። ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ ተነሳ።

ሬዲዮው ግን ተነቅሏል። ታዲያ ምንድን ነው?

መጋቢት 4

"የትናንቱ ሸሚዝህ ለምን ረጠበ?" አለች ባለቤቴ።
"ጀልባ ነዋ።"
"ልብስ ሰፊ ነኝ እኮ። ላብና ውሃ ይምታታብኛል?"

ነገርኳት። የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "ብልሽቱን እስክታገኘው ድረስ የጀልባውን ገመድ ከዳር አትፈታም። ማልልኝ።" ማልኩላት።

መጋቢት 6

ካንዴላ ባትሪውን አዋሰኝ። ቀየርኩ። ያው ነው። ዳሽቦርዱን ስመታው ይጠፋል፣ ስመታው ይበራል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ደህና ናቸው። ከባትሪው የሚወጣውን ቀይ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው።

"ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን ብቻ ነው የምታየው" አለ ካንዴላ። "የሚመለስበትስ? ጥቁሩ ሽቦስ?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ካንዴላ ቀይር አላለም!

መጋቢት 7

መብራቱንም፣ ፓምፑንም፣ ስክሪኑንም፣ ያለውን ሁሉ አበራሁ። የቮልት መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ካለው ጥቁር ሽቦ ላይ አደረግሁ። ሁለቱ አንድ መንገድ ናቸው፤ ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። አራት ነጥብ አንድ! ከአሥራ ሁለቱ ቮልት ሲሶው መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ጥቁሩ ሽቦ የሆነ ቦታ ታሟል።

ነገ ወለሉን እከፍታለሁ።

መጋቢት 8

ዘነበ። አልሄድኩም። ደስ አለኝ... ለምን ደስ አለኝ?

መጋቢት 9

አገኘሁት።

ከነጂው ወንበር ሥር፣ በሆዴ ተኝቼ፣ ስልኬን ለመብራት በአገጬና በትከሻዬ መሀል ይዤ። ጥቁሩ ሽቦ ተቀጥሏል። ቅጥሉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ስፈታው ውስጡ የዝገት አረንጓዴ ዱቄት። የያዙት ሁለት ሦስት ክሮች ብቻ ናቸው፤ ጀልባው ሲዘል ይለቃሉ።

ግን ሳልፈታው በፊት አውቄዋለሁ። የናስትሮው ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ኋላ ለመፍታት እንዲመች። እቤቴ ያለ የተጠገነ ሽቦ ሁሉ እንደዚያ ነው። እንደዚያ የሚያጥፍ ሌላ ሰው አላውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ስክሪኑን ሳስገባ ሽቦው አጠረኝ። "ለጊዜው" ብዬ በጣቴ ጠመዘዝኩት። ለጊዜው...

እኔ ነኝ።

ካንዴላ፣ "ተገኘ?" ብሎ ጮኸ። "ገና ነው" አልኩት። ለምን ዋሸሁ?

መጋቢት 11

ሽቦውን አንድ ወጥ አድርጌ ቀየርኩ። ጫፎቹን ስታኞ አቅልጬ በየድኩ። ቴስተሩ አሁን ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ሬዲዮውን መልሼ ሰካሁ፤ ጥርት ብሎ ይሠራል።

ማንም አያውቅም። የተበላሸውን ቅጥል ውሃው ውስጥ ብወረውረው አለቀ። እጄን ዘረጋሁ እንኳ።

አንድ ነገር ያዘኝ። ጋሼ አምኖኝ ቢሆንስ? በሬዲዮው ምክንያት ነው ብሎ፣ እቤቱ እትዬን ይቅርታ ሲጠይቅ ከርሞ ቢሆንስ?

መጋቢት 12

የጋሼ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ቅጥሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ዱቄት በነካው ጣቱ አገላበጠው።

"ምንድን ነው?"
"እኔ የቀጠልኩት ነው። ሞተሩን ያጠፋው እሱ ነው።"
"ሬዲዮውስ?"
"ሬዲዮው ምንም አልነበረበትም።"

ሊጡን አጠፈ፣ ደፈጠጠ፣ መልሶ አጠፈ። "ጥፋቱ የኔ ነው ያልከኝ የት ነበር?"
"እማዬ ቤት።"
"እና እዚህ ምን ትሠራለህ?"

መጋቢት 16

እማዬ ቤት። ሁሉም ነበሩ። ስነሳ እንደ ሰርግ ቀን ንግግር የማደርግ መስሏቸው ሳቁ። ተናገርኩ። ሳቁ ቆመ። እማዬ አቀርቅራ ቀሚሷን ታስተካክላለች።

እትዬ እኔን አላየችም። ወደ ጋሼ ዞራ፣ "ስንት ሌሊት ነው ይቅርታ የጠየቅከኝ?" አለችው።

መጋቢት 20

ጋሼ ጀልባው ጋ መጣ። ሰላምታ የለም። ወለሉን አስከፈተኝ። የሠራሁትን እያንዳንዱን ሽቦ በእጁ ያዘ፣ ጎተተ። ቀጣዩን ጎተተ። ከዚያ፣ "ንዳ።"

መሀል ሐይቅ ስንደርስ ራሱ አጠፋው። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ንፋስ ነበር። ጀልባው በጎኑ ዞረ፣ ማዕበሉ ያወዛውዘን ጀመር።

"ጋሼ..."
"ቁጭ በል። እኛ ሁለት ሰዓት ነው የተቀመጥነው።"

ምን ያህል ቆየን? እንጃ። ቋጥኙን ላለማየት ጫማዬን አያለሁ። ከብዙ በኋላ፣ ጋሼ ወደ ውሃው እያየ እንዲህ አለ፦

"ወገባችንን በሻርፗ አሰረችው። የእኔንና የእሷን፣ አንድ ላይ። ተው ስላት፣ 'ከተገኘን ለየብቻ አንገኝ' አለችኝ። እኔም ቋጠሮውን አጠበቅሁላት።"

አለቀስኩ። አላባበለኝም፤ ግን ፊቱንም አላዞረም። ቁልፉን አወጣ። አዞረው። በአንዴ ተነሳ።

መጋቢት 27

ከጋሼ ጋር ፓምፑን ስንጠራርግ ካንዴላ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀና ስል... እትዬ! የእንጨት መረማመጃው ጫፍ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨምቃ። ጋሼም አላወቀም ነበር፤ ጨርቁ ከእጁ ወደቀ።

"ስንት ጊዜ ሞከርከው?" አለችኝ።
"ሠላሳ ሁለት ጊዜ አስነሳሁት እትዬ። ወለሉ ላይ እየዘለልኩም።"
"አስነሳው እስቲ።"

አስነሳሁት። ቆማ ሰማች። ጋሼ እጁን ዘረጋላት። እሷ ግን የእኔን እጅ ያዘች፤ ያዘች ሳይሆን ጥፍሯን ተከለችብኝ። አንድ እግሯን አስገባች። ቆየች። ሌላውን አስገባች።

"ገመዱ አይፈታ" አለች።
"አይፈታም።"

ከጋሼ ጎን ተቀመጠች። ሞተሩ እየሠራ፣ ገመዱ እንደታሰረ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ተቀመጥን። ማንም የትም እንሂድ አላለም።