በማማው ደረጃ ግድግዳ ላይ ስላሉት የልጆች ስሞች

ለክቡር አቶ ጌለን ፕሮሃስካ
የዌልቢ አውራጃ አስተዳደር ቦርድ ሰብሳቢ
ነብራስካ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ በአውራ ጎዳናው ዳር እንዳሠሩልን አዲስ የቆርቆሮ ፍርድ ቤት የሚያብረቀርቅ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። የፊታችን ሰኞ አሮጌውን ፍርድ ቤት አፍርሰው የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጉልን በመወሰንዎ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከአያቶቻችን ስህተት ስለገላገሉን። እነሱ የኖራ ድንጋዩን በጋሪ አጓጉዘው፣ ቅስቱን አቁመው፣ ማማውን ሲያወጡ፣ ትልቁን በር ወደ ምዕራብ ያዞሩት ባቡሩ በዚያ በኩል ይመጣል ስለተባሉ ነበር። ባቡሩ በሌላ ከተማ አለፈ። ሙሽራውም ተከሳሹም በጓሮ በር ሲገባ፣ ትልቁ በር የበቆሎ እርሻ እያየ ኖረ። ይህን ያህል ተስፋ ያደረገ ሕንፃ በእርግጥም ለዓይን ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ስለ ማማው ደረጃ ግድግዳ ብጠይቅ፣ «ኧረ ሎርና! የልጆች የእርሳስ ጭረት እኮ ነው፤ ለግድግዳም ለቅሶ እንቀመጥ እንዴ?» ብለው አዳራሹን ስላሳቁልን። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ በአውራጃችን በማደጎ የተሰጠ ልጅ ሁሉ ዳኛው ከፈረሙለት በኋላ እዚያ ወጥቶ አዲሱን ስሙን በእርሳስ ይጽፋል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ኦሪን ለትቬት ቤተሰብ የተሰጠነው በአንድ ቀን ነው። ዳኛው ከወንበራቸው ወርደው ከፊታችን ተንበረከኩና «ማሬ፣ ፈራሽ እንዴ?» ሲሉኝ፣ ኦሪን ቀድሞኝ «እሷ አትፈራም፤ የምፈራው እኔ ነኝ» አላቸው። ከዚያ ወጥተን ጻፍን። ስሙን መጻፍ የተማረው ለዚያ ቀን ብሎ ነበር። በዚያው መከር ቤት በሚያህለው የእህል ጎተራ ውስጥ ወድቆ በቆሎው ውጦ አስቀረው። በእጁ የጻፈው ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም።

ሦስተኛው ምስጋና ሳይሆን ልመና ነው። ሕንፃውን ይውሰዱት። ስሞቹ ያሉበትን የልስን ቁራጭ ብቻ፣ የአንድ በር ስፋት እንኳ የማይሞላውን፣ ከሰኞ በፊት ቆርጠን እንድናወጣ ይፍቀዱልን። ቆርጦ የሚያወጣ ግንበኛ አግኝቻለሁ፤ ቁልፉ ግን በእርስዎ እጅ ነው።

የአስተዳደርዎን ቅልጥፍና በመደነቅ የምመለከት፣ በሚዘረጋው አስፋልት ላይም ቦታ የማልሻማዎት፣

አክባሪዎ
ሎርና ትቬት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅዎ ቤሪል ስሟን የጻፈችው ከኦሪን ስም ጎን ነው። እርስዎ እርሳሱን አብረዋት ይዘውላት እንደነበር፣ ያን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ኬክዎን የበላን ሁሉ እናስታውሳለን። ሁለቱንም ለማውጣት ጊዜ ካጠረ የእሷን ያስቀድሙ። ወንድሜ አይጠይቅዎትም፤ እሷ ግን በሕይወት አለች።